የሰኞ ጠዋት በረንዳ

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይላሉ። ጸጉር ሠሪዋ ግን ስለ ገዛ ቤቷ የተመከረውን የሰማችው በገዛ ጆሮዋ፣ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ቆማ፣ አፏ በጥርስ ሳሙና አረፋ እንደ ተሞላ ነው። ቧንቧውን ዘግታው ነበር፤ ባትዘጋው ኖሮ ሳትሰማ ታልፍና ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ወንድሟ ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ እያለ በስልክ ያወራል። የኪራይ ቤት ሰው ቀስ ብሎ ማውራት ይለምዳል፤ እሱ ግን ከእንቅልፉ ገና በደንብ አልነቃምና ጉሮሮውን መቆጣጠር አልቻለም፤ እያንዳንዱ ቃል በሩን አልፎ ገባ። «በረንዳውን ተወው» ይላል። «ሳሎኑን ወደ ፊት ግፋልኝ። እንግዳ የምቀበለው እኔ ነኝ እኮ። ሰው እንደ ስጥ በር ላይ ተሰጥቶ ይውላል እንዴ? እሷን ለእኔ ተዋት። እትዬ ፕላን አታነብም፤ ግድግዳው ቆሞ ካየችው በኋላ ደግሞ ትለምደዋለች።»

ሌላ ሴት ብትሆን በሩን በርግዳ ትወጣ ነበር። እሷ አፏ ሙሉ ስለሆነ መጀመሪያ መትፋት፣ ቀጥሎ መጉመጥመጥ ነበረባት፤ አገጯን ጠርጋ ስትጨርስ ቁጣው ከአፏ ወርዶ ሆዷ ውስጥ ተደላድሎ ነበር። ወጥታ «ደህና አደርክ» አለችው። «ደህና አደርሽ፣ እትዬ» አላትና ስልኩን ኪሱ ከትቶ ሻይዋን ቀዳላት፤ ስኳሩንም እሷ በምትወደው ልክ አድርጎ አማሰለላት። ያናደዳትም ይኸው ነው። ክፉ ሰው ቢሆን ነገሩ ይቀላት ነበር። እናታቸው ስትሞት እሱ የጫማውን ክር ማሰር የማያውቅ ልጅ ነበር፤ አሳደገችው፣ አስተማረችው፣ ዳረችው፣ ትዳሩ ሲፈርስ ደግሞ ሻንጣውን ከደጅ ተቀብላ አስገባችው። አሁን ኢንሹራንስ መሥሪያ ቤት ክራቫት አስሮ ይውላል፤ ጎረቤቱ «መቼም ደግ ወንድም ሰጥቷታል፣ ጥሎ አልጣላት» ሲል ሰምቶ ሰምቶ እሱም አምኖታል። «ዛሬ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኮንትራክተሩ መሬቱ ላይ ይመጣል» አላት፤ «አንቺ ትፈርሚያለሽ፣ የቀረውን ለእኔ ተይው።» እሷም «እሺ» ብላ ሻይዋን ጠጣች። ዝም አይነቅዝም። እሱ ሊለብስ ሲገባ ቁም ሳጥኑ ላይ ተጠቅልሎ የተቀመጠውን ፕላን አውርዳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ወደ ሥራዋ ሄደች።

እውነቱን ለመናገር ነገሩን አሳልፋ የሰጠችው ራሷ ናት። ከከተማው ዳር፣ ኮረብታው ላይ ያለችውን ቦታ ገዝታ ቤት ልታሠራ ስትነሳ፣ ኮንትራክተሮቹ አንድ በአንድ ጸጉር ቤቷ እየመጡ አነጋገሯት። መስታወቱ ፊት ቆማ ያገኟታል፤ ዓይናቸው ግን በትከሻዋ ላይ አልፎ ሌላ ሰው ይፈልጋል። «ባለቤትዎ መቼ ይመለሳሉ?» ይሏታል። ባል የለኝም ስትላቸው «ታዲያ ከማን ጋር እንነጋገር?» ይላሉ። አንዱማ መብራት ሊጠግን የመጣውን ሠራተኛ የቤቱ ጌታ መስሎት፣ መሰላሉ ሥር ቆሞ ስለ ሲሚንቶ መወደድ ሲያወራው ቆየ። እሷም ወንድ ካልቆመበት ይጫወቱብኛል ብላ ወንድሟን ፊት አስቀደመችው። እሱ ፈልጎ ያመጣው ሰው ከተማው ሁሉ «አቶ እሺ» የሚለው፣ ሸሚዙ የማይጨማደድ፣ ፈገግታው የማይጠፋ ኮንትራክተር ነው። መስኮቱ በዚህ ይሁን ሲሉት እሺ፣ የለም በዚያ ሲሉትም እሺ። ወንድሟ «እሺ ይበልጣል ከሺ ይባል የለ» ብሎ ወደደው፤ እሷም ብትሆን አልጠላችውም። ከእሱ የፈለገችው አንድ ነገር ብቻ ነበር። ክፍሉ ቢጠብ ቢሰፋ ግድ የላትም፤ ከፊት ለፊት ግን የምትቀመጥበት በረንዳ ይኑር አለች። «እሺ እመቤቴ፣ ምን ችግር አለው» ብሏት ነበር። ለወንድሟም በዚያው አፉ «እሺ፣ እናጠፋዋለን» ማለቱን አሁን ገና አወቀች።

ቀኑ ቅዳሜ ነው፤ ጸጉር ቤቱ መርፌ መጣያ የለውም። እርጥብ ፎጣ ወንበር ላይ፣ ቢጎዲን የሞላ ቅርጫት መሬት ላይ፣ የሻምፑና የሚተኮስ ጸጉር ሽታ ደግሞ በየቦታው። ሴቶቹ ተራ እየጠበቁ የዘይት መወደድን ያነሳሉ፣ የትምህርት ቤት ክፍያን ያነሳሉ፣ የባሎቻቸውን እናት ያነሳሉ። የተጠቀለለው ጸጉር የሚደርቅበት ትልቁ ማሽን፣ ካስኩ፣ የራሱ ጠባይ አለው። ውስጡ የገባች ሴት ከጩኸቱ የተነሳ የራሷን ድምፅ ስለማትሰማ፣ ለጓደኛዋ በሹክሹክታ የምትነግረው የመሰላትን ነገር እየጮኸች ነው የምትናገረው። ስለዚህ ጸጉር ሠሪዋ የከተማውን ገመና ከዳር እስከ ዳር ታውቃለች፤ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ የማን ግድግዳ እንደተሰነጠቀ፣ የማን ሳሎን ለጎረቤት ዓይን ሲባል ብቻ እንደተሠራ። ደንበኛ የሚመለስላት አንድ የሙያዋን ሕግ በማክበሯ ነው፤ መስማት እንጂ መጠየቅ የለም። ዛሬ ግን ማበጠሪያዋን እንደያዘች ሕጓን አፈረሰች። ካስክ ውስጥ ወደተቀመጠችው የመድኃኒት ቤት ባለቤት ጎንበስ ብላ «ቤትሽን የሠራልሽ ማን ነበር?» ብላ ጮኸች።

«አቶ እሺ ነዋ» አለች ባለ መድኃኒት ቤቷ፣ ቤቱን በሙሉ በድምፅዋ እየሞላች። «እንዴት ያለ ጨዋ ሰው መሰለሽ፤ አንድ ቀን ፊቱን አጥቁሮብኝ አያውቅም። ዝናብ ሲመጣ ብቻ ልጆቹን ወደ እኛ ክፍል እናመጣቸዋለን። እሱም ደውዬ ስነግረው እሺ ነው ያለኝ፣ ምን አጠፋ?» ተራ የምትጠብቀው ጨርቅ ነጋዴ ተቀበለቻት፤ የእሷም ቤት የእሱ ሥራ ነው። የመኝታ ቤቷ በር ሲከፈት ቀጥታ ደረጃው ላይ ስለሚወጣ ባሏ በእንቅልፍ ልቡ ሁለት ጊዜ ተንከባሏል። «በሩ በዚያ ይሁን ያልኩት ግን እኔው ነኝ» አለች፤ «ሰውዬው ምን ያድርግ፣ ያልኩትን ነው የሠራው። እንደሱ ያለ ሰው አክባሪ የለም።» ሴቶቹ ሳቁ፣ እሷም አብራ ሳቀች። መስታወቱ ፊት ተቀምጣ ጸጉሯን የምታስጠቀልለው ርዕሰ መምህርት ግን አልሳቀችም። «እናንተስ ታድላችኋል» አለች። «እኛን የገጠመን ያ እምቢ ባዩ ነው። ስሙን አታንሱብኝ፣ ደሜ ይፈላል። መስኮት እዚህ ስለው እምቢ። መጋዘን እዚያ ስለው እምቢ። ባለቤቴና እሱ ሊደባደቡ ምንም አልቀራቸውም ነበር። ሥራው አልቆ ቁልፉን የሰጠን ቀን በሩን በጀርባው ድርግም አድርጌ ዘጋሁት፤ እንኳን ተገላገልኩት።»

«ቤቱስ?» አለች ጸጉር ሠሪዋ።

«ቤቱ ምን?»

«ቤቱ እንዴት ነው?»

ርዕሰ መምህርቷ በመስታወቱ ውስጥ ቀና ብላ አየቻት፤ ያልተጠና ጥያቄ ፈተና ላይ የወጣባት ተማሪ መሰለች። «ቤቱማ ቤት ነው» አለች በመጨረሻ፤ «ምን ይሆናል ብለሽ ነው?»

ጸጉር ሠሪዋ እጇ ላይ ያለውን ቢጎዲን ሳትጠቀልል ቆመች። ባለፈው ዓመት አንዲት ሙሽራ እዚሁ ወንበር ላይ ተቀምጣ ይህንኑ ሰው ስትረግም ትዝ አላት፤ ከዚያ በፊትም አንዲት ጡረተኛ ነርስ፣ ከዚያም በፊት ሁለት እህትማማቾች ረግመውታል። ምላሱን፣ ግንባሩን፣ አረማመዱን ሳይቀር አንስተው አብጠልጥለውታል። ስለ ጣሪያው ግን አንዳቸውም አላነሱም። ስለሚያፈስ ቧንቧ፣ ስለማይዘጋ በር፣ ስለሚሰነጠቅ ልስን ከእነሱ አፍ ሰምታ አታውቅም። የአቶ እሺ ደንበኞች ሰውየውን እያመሰገኑ ስለ ቤቱ ያለቅሳሉ፤ የእምቢ ባዩ ደንበኞች ሰውየውን እየረገሙ ቤቱን ረስተውታል። የሚረሳ ቤት ማለት ደግሞ የሚያስተኛ ቤት ነው። ይህን ስታስብ ጠዋት ሆዷ ውስጥ የገባው ቁጣ ቦታውን ለሌላ ነገር ሲለቅ ተሰማት። ቢጎዲኑን ጠቀለለችና «የእምቢ ባዩን ስልክ ቁጥር ስጪኝ» አለች። ርዕሰ መምህርቷ «አበድሽ እንዴ?» አለቻት፤ ሆኖም ባሏ ጋ ደውላ ቁጥሩን ጠይቃ ሰጠቻት፣ እያማተበች።

ጓዳ ገብታ፣ የሻምፑ ካርቶን ላይ ተደግፋ ደወለችለት። ሰላምታ ሳያስጨርሳት ቦታው የት እንደሆነ ጠየቃትና «መሬቱን ሳላይ አላወራም፤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ እመጣለሁ፤ ከዘገዩ እሄዳለሁ» ብሎ ስልኩን ዘጋው። ሁለቱ ረዳቶቿ ቅዳሜ ቀን፣ ያውም ሰው ተራ ይዞ እየጠበቀ፣ ሽርጧን ስታወልቅ ሲያዩ እርስ በርስ ተያዩ። ጸጉር ቤቱ ከተከፈተ ጀምሮ እንዲህ ስታደርግ አይተው አያውቁም። ቦርሳዋን አንጠልጥላ ወጣች። ታክሲ ውስጥ ፕላኑን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ በረንዳውን ፈለገችው፤ የነበረበትን ቦታ ወንድሟ አስቀድሞ ፍቆ ሳሎኑን በላዩ ላይ ስቦታል። ወንድሟ አታነብም ያለው ነገር እንግዲህ ይህን ያህል ነው፤ በላጲስ የተፋቀ ቦታ የማያይ ዓይን የለም።

ሰውየው ቀድሟት ደርሶ ቦታውን እየዞረ ነበር። ቀጭን፣ ቁጡ፣ ጫማው አፈር የለበሰ፣ የኮቱ ኪስ በሲባጎና በሜትር ያበጠ ሰው ነው። ከቆርቆሮው አጥር ጥግ የተቆለለውን ብሎኬት አንድ ሁለቱን አንስቶ አየና መልሶ ወረወረው። ወዲያ ወዲህ ብሎ ባል አልፈለገም። «ቤቱ የማን ነው?» አላት። «የእኔ» አለች። ቃሉ ከአፏ ሲወጣ ራሷንም ገረማት፤ እስካሁን እንዲህ በባዶው ብላው አታውቅም፣ ሁልጊዜ ከፊቱ ወይ ከኋላው «ከወንድሜ ጋር» የሚል ነገር ትለጥፍበት ነበር። ፕላኑን ተቀብሎ አገላብጦ አየውና «ይሄ ደግሞ ምንድነው? አዳራሽ ነው ወይስ ቤት?» አለ። እሷም ሳሎኑ ወደ ቦታው እንደሚመለስና ከፊት በመንገዱ በኩል በረንዳ እንደምትፈልግ ነገረችው።

«እምቢ» አለ።

«ምን ማለት ነው እምቢ?»

«እምቢ ማለት እምቢ ነው። በዚያ በኩል ከሰዓት ፀሐዩ ፊትዎን ይጠብስብዎታል፤ የመንገዱ አቧራ ደግሞ ይደፋብዎታል። እኔ ስንት በረንዳ አይቻለሁ፤ ሁለት ሳምንት ይቀመጡበታል፣ ከዚያ የተሰበረ አልጋና የከሰል ጆንያ ማስቀመጫ ይሆናል። ለአሮጌ ዕቃ በረንዳ አልሠራም።»

«ከሰዓት ማን ይቀመጣል አለዎት?» አለች፤ ድምፅዋ ከፍ ማለቱ ታወቃት። «ከሰዓት ሥራ ላይ ነኝ።»

«ታዲያ መቼ ነው የሚቀመጡት?»

ሕይወቷን በሙሉ ሰዎች ስንት ሰዓት እንደምትከፍት፣ ስንት ሰዓት እንደምትዘጋ፣ ለሠርግ ማለዳ መምጣት ትችል እንደሆነ ይጠይቋታል። መቼ እንደምትቀመጥ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ወንድሟም አልጠየቃትም፤ አቶ እሺም እሺ ያላት ሳይጠይቃት ነው። «ሰኞ ጠዋት» አለችው። «ሰኞ ጸጉር ቤት ዝግ ነው። ሌላውን ቀን ሰውን የማየው በመስታወት ነው፤ ወይ ደግሞ ማጅራቱን ብቻ። አሥር ዓመት የማውቃት ደንበኛዬ መንገድ ላይ ስታገኘኝ ፊቷ ተገልብጦብኝ አላወቅኳትም፤ ኩራት መስሏት ተቀየመችኝ። አንድ ጠዋት እንኳ ሰው ፊት ለፊት ሲያልፍ ቁጭ ብዬ ማየት እፈልጋለሁ። በቃ ይኸው ነው።»

ሰውየው ፀሐይ የምትወጣበትን አቅጣጫ አየ፣ መንገዱን አየ፣ ሄዶ ጥጉ ላይ ቆመ፣ ተመለሰ። «ሰኞ ጠዋት» አለ ለራሱ፣ የመድኃኒት አወሳሰድ እንደሚያጠና ሰው። ከዚያ ካስማ አውጥቶ ከምሥራቁ ማዕዘን ላይ ተከለ። «እዚህ ይሆናል» አላት። እሷ ሄዳ ቆመችበትና «ከዚህማ መንገዱ አይታየኝም፤ የጎረቤቱን አጥር ለማየት አይደለም የማሠራው» አለች። «አንድ ክንድ ያህል እናስወጣዋለን።» «ሁለት ክንድ።» «ሁለት ከወጣ ዝናቡ ይመታዋል።» «ክዳኑን ያርዝሙዋ፤ እኔ ነኝ እንዴ የማስተምርዎት?» አለች። ሰውየው የኮቱን ኪስ ደባበሰ፣ ግንባሩን ቋጠረ፣ ሊሳደብ የመሰለ ፊት አሳየና ካስማውን ነቅሎ ወደ ውጭ አራቀው፤ ወለሉን ደግሞ በሦስት ደረጃ ከፍ ላድርገው አለ፣ ከአጥሩ በላይ እንድታይ። እሷ ሦስቱን ተቀበለች። ለካ ሰው ሲከራከራት እንዲህ ደስ ይላታል። እስከ ዛሬ ወይ ያቆላምጧታል ወይ ያልፏታል፤ ይህ ግንባረ ቋጠሮ ግን ባለ ቤት መሆኗን አምኖ ይጣላታል። በኩራት አንገቷ ቀና አለ፤ ሽማግሌ ፊት ቆማ የምትሟገት ባለ ርስት መሰለች። ሲባጎውን አሰሩ፤ አንደኛውን ጫፍ ራሷ ያዘች። ሰውየው በሲባጎው ሥር ነጭ ኖራ እየበተነ ሄደና መስመሩ ሲገጥም ሁለት ብሎኬት አምጥቶ መሀሉ ላይ ደራረበላት። «ይቀመጡና ይዩት» አለ። ተቀመጠች። በተከፈተው የአጥር በር በኩል፣ ከታች በመንገዱ ላይ አንዲት ሴት ልጇን እየጎተተች ታልፋለች፤ ሁለት ሰዎች አንድ ብስክሌት እየገፉ ይከራከራሉ፤ ሁሉም ፊታቸው ይታያል፣ ግራቸው በግራ፣ ቀኛቸው በቀኝ።

ወንድሟና አቶ እሺ በመኪና የደረሱት እሷ እንደዚያ እንደተቀመጠች ነው። አቶ እሺ ብዕሩን ሸሚዙ ኪስ ላይ ሰክቶ፣ ከመኪናው እንደ ወረደ ፈገግታውን አበራ። እምቢ ባዩን ሲያይ ፈገግታው ትንሽ ተነቃነቀ እንጂ አልጠፋም። ወንድሟ ክራቫቱን እያላላ ቀረበና ከኖራው መስመር ውጭ ቆመ። ካስማውን፣ ሲባጎውን፣ ነጩን መስመር በዓይኑ ተከተለ።

«እትዬ፣ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ? ይሄ ሰውዬስ ማነው?»

«በረንዳዬ ላይ ተቀምጫለሁ» አለችው።

ሌላ ምንም አልጨመረችም። ፕላኑን አላወጣችበትም፣ ጠዋት የሰማችውንም አላነሳችበትም። እሱ ግን ገባው። ኮሪደሩ ትዝ አለው፣ የመታጠቢያ ቤቱ በር ተዘግቶ እንደነበር ትዝ አለው፤ ጆሮው ጫፍ ድረስ ቀላ። አቶ እሺ እጁን እያሻሸ መሀል ገባ። «በረንዳ ከሆነማ ምን ችግር አለው እመቤቴ» አለ፤ «እንጨምራለን። ሳሎኑንም እንደ ጌታው ፍላጎት እናሰፋለን። ሁሉም ይቻላል።» ከዚያ ወደ ወንድሟ ዞሮ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እርስዎ እንዳሉ ነው፣ አይጨነቁ፤ ውሳኔው መቼም የእርስዎ ነው።»

ወንድሟ እህቱን አያት። ብሎኬቱ ላይ እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ነጠላ ጫማዋን ገጥማ፣ ጀርባዋን አቅንታ ተቀምጣለች፤ ከዚያ ብሎኬት የሚያስነሳት ያለም አይመስልም። አንድ ነገር ያን ጊዜ ገብቶት አፈረ። እህቱን ቆማ ያውቃታል፤ ምድጃ ፊት ቆማ፣ መስታወት ፊት ቆማ፣ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆማ፣ በሠርጉ ቀን እንኳ የእንግዳ ወንበር ስታድል ቆማ ነው የሚያስታውሳት። በፀሐይ ብርሃን፣ ምንም ሳትሠራ፣ ተቀምጣ አይቷት አያውቅም። ያምርባታል። የእሱ እህት መሆኗ ደስ አለው፤ አንድ ሰው ማን አሳደገህ ብሎ ቢጠይቀው ሮጦ ይህችን ሴት ሊያሳየው የሚችል መሰለው።

«የእኔ አይደለም» አለ ለአቶ እሺ፣ በደንብ በሚሰማ ድምፅ። «ቤቱ የእሷ ነው። የለፋችበት እሷ፣ የምትወስነውም እሷ ናት። እኔ ወንድሟ ነኝ።»

አቶ እሺ «እሺ» አለ። ወዲያ ወዲህ አየ፣ ሦስቱን ሰዎች አየና ደግሞ «እሺ» አለ፤ መኪናው ይዞት እስኪርቅ ድረስ እንኳ አልተቆጣም። እምቢ ባዩ ሲባጎውን እየጠቀለለ «ሰኞ ቁፋሮ እጀምራለሁ» አለ። «ሰኞ ጠዋት እኔ እዚህ ነኝ፤ አቧራ አታስነሱብኝም» አለችው። «እንግዲያው ማክሰኞ» አለ፣ እያጉረመረመ። ይህ ከእሱ አፍ የወጣ የመጀመሪያው እሺ ሳይሆን አይቀርም።

ወንድሟ አሁንም ከመስመሩ ውጭ ቆሟል። እጁን የት እንደሚያደርገው አጥቶ ክራቫቱን አውልቆ ኪሱ ከተተ። «እና እንግዶቼን የት ነው የምቀበለው፣ እትዬ?» አለ፤ እንደ ልጅነቱ ነው ያላት።

«እዚሁ በረንዳዬ ላይ ትቀበላቸዋለህ» አለች። «ከሰኞ በቀር።»

ከጥጉ አንድ ብሎኬት አንስቶ አጠገቧ ሊቀመጥ መጣና አንድ እግሩን በነጩ መስመር ላይ ሲያነሳ እጇን ዘርግታ አስቆመችው።

«ጫማህን ጥረግ» አለችው።

ሰማይ ብቻ ጣሪያው በሆነ ቤት ደጃፍ ላይ፣ ብሎኬቱን እንደታቀፈ፣ ወንድሟ ጫማውን ሣሩ ላይ አንዱን ከዚያ ሌላውን ደህና አድርጎ ጠርጎ ገባ።